በማንሱ ኮረብታ

በሰሜን ኮሪያ እንግዳ ብቻውን አይንቀሳቀስም። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከቤጂንግ በባቡር ፒዮንግያንግ ስገባ ሁለት አስጎብኚዎች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ጣቢያው ላይ ተቀበሉኝ። ፓስፖርቴን እስክወጣ ድረስ እነርሱ ያዙት። ለአንድ መንገደኛ ሁለት ሰው ለምን እንዳስፈለገ ለመገመት አልዘገየሁም፤ እርሷ እኔን ትጠብቃለች፣ እርሱ ደግሞ እርሷን።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ ማንሱ ኮረብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የቆመው የኪም ኢል ሱንግ የነሐስ ሐውልት ሃያ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ልጁ ኪም ጆንግ ኢል አጠገቡ እንዲቆም ተደርጓል። እንግዳ አበባ ያኖራል፤ እጅ ይነሣል። ፎቶግራፍ ማንሣት ይፈቀዳል፤ ከመሪዎቹ ራስ ወይም እግር ቆርጦ ማስቀረት ግን ነውር ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግዝፈቱ አልነበረም። ግራና ቀኝ፣ ከባንዲራ ሥር ወደ ፊት የሚገሠግሡት የነሐስ ወታደሮችና ሠራተኞች የማውቃቸው መሰሉኝ። ለካ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ ወንድሞቻቸውን ሳያቸው ኖሬአለሁ! ደርግ በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር ያስመረቀው ትግላችን ሐውልት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ አለበት። (ከዚያ ሠላሳ ዓመት ግድም ቀደም ብሎ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ምድር ሰሜኖቹን ሲወጉ እንደነበር ልብ ይሏል።)

ይህንኑ ለአስጎብኚዬ ነገርኋት። ፊቷ በራ።

«እዚያስ ሰው አበባ ይዞ ይመጣል?» አለችኝ።

መልሱ ከአፌ ደርሶ ነበር፤ ያቆመው መንግሥት ግንቦት 1983 ዓ.ም. እንደወደቀ፣ መሪው ወደ ዚምባብዌ እንደኮበለለ፣ አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ እንኳ እንደማያየው። ጓደኛዋ ከጀርባዋ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። እኔ ከሦስት ቀን በኋላ እሄዳለሁ፤ ሰምታ ዝም ብትል፣ ወይም ሰምታ ብትስቅ፣ እዚህ የምትቀረው እርሷ ናት። ልጅ ሳለሁ አባቴ የጀርመን ድምፅን የሚያዳምጠው መስኮቱን ዘግቶ፣ ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፎ ነበር። ጎረቤት በድንገት ሲገባ ፊቱ ላይ የማየው ነገር ትዝ አለኝ። ያን ፊት በእርሷ ላይ ላየው አልፈለግሁም።

«ታላቅ ሐውልት ነው» አልኋት።

ሁለቱም ደስ አላቸው። ወደ መኪናው ስንወርድ ግን ጥቂት ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ «አይመጣም ማለት ነው» አለችኝ። ጓደኛዋ በሩን ከፍቶ ይጠብቀን ነበር።