በንግግር መካከል ያለች ዝምታ

ዛሬ የማወጋችሁ ባሕር ተሻግረው በእጅ ሬዲዮ ስለሚነጋገሩ ሁለት ባልና ሚስት ነው።

በካናዳ፣ ቫንኩቨር ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አባባና እማማ እንላቸዋለን። ሁለቱም የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አላቸው። እማማ ልጃቸውን ሊያርሱ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ በሄዱ ጊዜ አባባ ማታ ማታ ሬዲዮአቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር። እዚያ የነገው ጠዋት ነው። «ስልክ እያለ?» ብላቸው፣ «በስልክማ ማንም ይደውላል» ብለው ሳቁ።

የእጅ ሬዲዮ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ተራራ ወይም ረጅም ሕንጻ ላይ ሪፒተር ይተከላል፤ ደካማውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጠንክሮ፣ በሌላ ሞገድ መልሶ ይለቅቀዋል። እርሱም ቢሆን ድንበር አለው። በ1997 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ካሜሮን የተባለ ሰው እዚሁ ቫንኩቨር ሪፒተሮችን በኢንተርኔት የሚያገናኝ አይ.አር.ኤል.ፒ. የተባለ ሥርዓት ጀመረ፤ በ2002 ደግሞ ኤኮሊንክ ተከተለ። አባባ የፐርዙን ጣቢያ ቁጥር በሬዲዮው ላይ ሲጫኑ የሁለቱ አገር ኮምፒውተሮች ይገናኛሉ፤ ድምፃቸውም በኢንተርኔት ተጉዞ እዚያ ባለው ሪፒተር ዳግመኛ ወደ አየር ይወጣል። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ፐርዝ ይጠፋል፤ የሰፈሩ ሪፒተር ግን መብራት እስካለው ድረስ ይሠራል።

ባለቤቴ መጋቢ ነውና ወዲያው ስለ ስብከት አሰበ! አባባ ግን በአማተር ሬዲዮ ለሕዝብ ማሰራጨትም ሆነ መነገድ እንደማይፈቀድ ነገሩት። ደግሞም የከፈተ ሁሉ ይሰማዋል፤ የጓዳ ምሥጢር አይወራበትም።

እኔን ያስገረመኝ ዝምታው ነው። ቁልፉን ተጭኖ የሚናገር ሰው ሌላውን መስማት አይችልም። ቁልፉን እንደ ተጫኑም ወዲያው አይናገሩም፤ መስመሩ እስኪከፈት አንድ ሁለት ሰከንድ ካልጠበቁ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። አንዱ ጨርሶ ሌላው ከመጀመሩ በፊትም ፋታ ይተዋሉ፤ ጉዳይ ያለው ሰው እንዲገባበት። ባልና ሚስት ናፍቆታቸውን እያወሩ ለማያውቁት ሰው በር ክፍት መተዋቸው ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

አንድ ማታ እማማ ስለ ሕፃኑ አውርተው ዝም ሲሉ የማናውቀው ድምፅ ገባ። ሞባይል በማይሠራበት የተራራ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጧል። አባባ «ቆዪ፣ አደጋ አለ» ብለው የፐርዙን መስመር በቁጥር ዘጉ። ከዚያ እሳቸው ከሰውዬው እየሰሙ ይነግሩኛል፤ እኔ ለ911 በስልክ አስተላልፋለሁ። አምቡላንሱ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሁለቱም ተሳፋሪዎች በሕይወት ወጡ።

እማማ ያን ሁሉ ጊዜ ከሬዲዮአቸው አልተነሡም። መስመሩ ሲከፈት መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ተሳፋሪዎቹ ነበር፤ የሕፃኑን ወሬ ከዚያ በኋላ ካቆሙበት ቀጠሉ።