ባነሩ ላይ የሌለው ልጅ

አዲስ ዓመት ሲብት ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ያሉትን የግል ትምህርት ቤቶች አጥር አስተውላችኋል? የፎቶ ኤግዚቢሽን በሉት። ጋውን የለበሱ ልጆች፣ ከሥራቸው ውጤታቸው፣ ከበላያቸው «100% አሳለፍን»። እሰየው! በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ በነበሩበት አገር ማሳለፍ ያኮራል። ግን ባነሩ ስንቱ በር ላይ እንደተመለሰ አይነግረንም።

ምርጫው ደግሞ ከኬጂ ይጀምራል። አዎ፣ የአራት ዓመት ሕፃን ኢንተርቪው ይደረጋል! የአንዲት ዘመዴ ልጅ ኦቲዝም አለበት። ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም፤ የመኪና ታርጋ ግን አንዴ አይቶ ይይዛል። ጠያቂዋ ስሙን ሦስቴ ጠርታ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጫረች። «እንደውላለን» ተባለ፤ ስልኩ ይኸው እስከ ዛሬ አልጮኸም። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ይሻላል፣ ቢያንስ እውነቱን ተናገረ፦ «ሌሎቹን ይረብሽብናል፣ ወላጆች ያማርሩናል።» (እኒያ የሚያማርሩት ወላጆች እኛው ነን እንግዲህ።)

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከአሜሪካ ተመልሰው የኒያና የውበት ማሠልጠኛን የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ልጃቸውን ጆጆን ችሎ የሚያቆይ ትምህርት ቤት አጡ። ስለዚህ በፈረንጆቹ 2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ራሳቸው አቋቋሙ። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ እስካረፉ ድረስም «ልጆቻችሁን አትደብቁ» እያሉ በየመድረኩ ወላጆችን ሲቀሰቅሱ ኖሩ። ኋላም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል በወላጆች ጥረት ተከፈተ። ሁለቱም ጋ ወረፋ አለ። እኔን የሚገርመኝ፣ እናት ልጇን ለማስተማር መጀመሪያ ትምህርት ቤት መክፈት አለባት ማለት ነው?

ሕግ የለም እንዳትሉ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። አንቀጽ 24 ማንም በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይላል። ኢንተርቪውን ስታደርግ የነበረችው ሴትዮ ግን የምትለካው በአዋጅ አይደለም፣ በባነር ነው። 40 ሕፃን ለብቻዋ የምታስተምር መምህርት ያለ ረዳትና ያለ ሥልጠና አንድ ጨምሪ ስትባል ብትፈራም አልፈርድባትም። ረዳት መቅጠር የሚችለው፣ ግን ብሩን ለባነር የሚያወጣው ባለቤቱ ላይ ነው የምፈርደው።

ዘመዴን «ለምን አትከሺም?» አልኳት። ትልቋ ልጇ እዚያው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ናት። «እሷንስ የት ልውሰዳት?» አለችኝ።