የመልመጃ መልስ የማን ነው?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ደብተር ማረም እንግዳ ሥራ እየሆነብኝ ሄዷል። አርባ ተማሪዎች መልመጃውን ሠርተው ያመጣሉ፤ አርባውም በአንድ መሥመር ላይ የመቀነስን ምልክት ይስታሉ። ስሕተቱ የየራሳቸው ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ የሚያስብ ሰው ይሳሳታልና። ዳሩ ግን ስሕተቱ እንኳ የተቀዳ ነው፤ ምንጩም በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈው የመልስ ገጽ ነው።

ባልደረቦቼ ይህን «ሌብነት ነው» ይሉታል። እኔ ግን ቃሉ የቸኮለ ይመስለኛል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የደራሲውን አገላለጽ እንጂ ሐሳቡን ወይም ዘዴውን አይደለም። እንግዲህ ተማሪ በራሱ እጅ ያሰላውን ለጓደኛው ቢያሳይ የማንን ርስት ወሰደ ይባላል? የመምህሩን መምሪያ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ መበተን፥ ይልቁንም መሸጥ፥ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በውጭ አገርም ያከራክራል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ፒርሰን የተባለው የመጻሕፍት አሳታሚ ቼግ የተባለውን ድርጅት «የመጻሕፍቴን ጥያቄዎች እየመለስህ ትሸጣለህ» ሲል በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከስሶታል።

የሕጉ ነገር ይህን ያህል ነው። እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን የአንዲት ተማሪዬ ንግግር ነው። ቀን ትማራለች፤ ማታ በተጠጋችበት ቤት እንጀራ ትጋግራለች። ገጹን ለምን እንደምትቀዳ ብጠይቃት፥ «መምህር፥ ሌሊት የምጠይቀው ሰው የለኝም» አለችኝ። ባለጸጋው ልጁን የሚያስጠና መምህር ይቀጥራል፤ ያንንም ማንም ሌብነት አላለውም።

በቅኔ ቤት (እግረ መንገዴን ላንሣውና) ቅኔን ከራስ ማፍለቅ «መዝረፍ» ይባላል። ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ቅኔ ሲሰማ ያድራል፤ የሚመዘነው ግን ራሱ ቆጥሮ በሚያመጣው ነው። እኔም ከዚህ ተምሬ ለቤት ሥራ ነጥብ መስጠትን ተውሁ። ገጹን ያየም ያላየም ወደ ሰሌዳው ወጥቶ፥ ቁጥሩ ተለውጦለት፥ እያንዳንዱን መሥመር ለምን እንደ ጻፈ ይናገራል።

ልጅቱ ተራዋ ሲደርስ ሦስተኛው መሥመር ላይ ቆም አለች፤ ከዚያም በገጹ ላይ በሌለ መንገድ ጨረሰችው። መንገዱ ረዘም ያለ ነበር፤ መልሱ ግን ትክክል ነው። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ክፍሉ በሙሉ የትኛው መንገድ እንደሚሻል ሲከራከር ቆየ።