ጥፋቱ የአምፖሉ አልነበረም

አባቴ ማታ ማታ በሚሠራባት አሮጌ ኮሮላ ላይ ትምህርቴን ላሳይ ተነሣሁ። ፍሬን ሲያዝ የኋላ ግራ ፍሬቻ አብሮ ፈዘዝ ብሎ ይበራል፤ አራቱም ፍሬቻ ሲበራ ደግሞ እሱ ብቻ በቅጡ አይታይም። "አምፖል ነው" አልኩት፤ ገዛ። "እንግዲያው ፍላሸሩ ነው" አልኩት፤ እሱንም ገዛ። ምንም ለውጥ የለም! አንድ ማታ መንገድ ዳር ቆሞ ጎማ ሲቀይር የጭነት መኪና ለጥቂት ሳተው።

በማግስቱ ቴስተር ተውሼ፣ ፍሬን አስይዤ፣ ከአምፖሉ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለካሁ። ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው 5 ቮልት አሳየ። ማሳው የታሰረበት ብሎን ዝጓል፤ መመለሻ ያጣው ኮረንቲ በፍሬቻው አምፖል በኩል ይዞራል። ዝገቱን ፈግፍጌ አጠበቅኩት፤ በራ።

አባቴ ስለ ገንዘቡ ምንም አላለኝም። "በል ከኋላ ሆነህ እየኝ" ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ጓደኞቼ፣ ሳትለኩ አታስገዙ።