መንጠቆና ብርብራ

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላል ሀገርኛው ብሂል። አጥንቱ ጉሮሮ እንዳይወጋ ተጠንቅቆ መብላት እንደሚገባ ማሳሰቡ ነው። ዓሣን ማጥመድስ በምን ብልሃት ነው? ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ እንደየወንዙና እንደየሰዉ ይለያያል። በተለይም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በተዘረጋው የምዕራብ ጎጃም ምድር የሰው ክብር ሲለካ የኖረው በበሬው፣ በጎተራውና በአዝመራው በመሆኑ፣ ዓሣ አጥማጅነት ወግና ማዕረግ ያለው ሙያ ተደርጎ እምብዛም አልተቆጠረም። ዓሣ የእረኛ ልጆች ጨዋታ ነው፤ ቢበዛ የፆም ወራት ማባያ ነው፤ እሱንም ቢሆን አንዱ በፆም ይበላዋል፣ ሌላው አይነካውም።

ወንዙ ግን ሞልቷል። ላህ፣ ብር፣ ፈጣም፣ ሌሎችም ስማቸው ከመንደራቸው አልፎ የማይሰማ ብዙ ጅረቶች ከደጋው እየተነሡ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ ደፍርሰው፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለሉ ሲያልፉ የሚደፍራቸው የለም። መስከረም ጠብቶ፣ ጥቅምት አልፎ፣ እህሉ ተሰብስቦ አውድማ ሲገባ ግን ውሃው ይጠራል፤ ፍሰቱም ይቀጥንና ወንዙ በቀጭን ፈሳሽ የተያያዙ ጥልቅ ኩሬዎች ሰንሰለት ይሆናል። ነጭ ዓሣውና አምባዛው፣ በአንዳንድ ስፍራም ቀረሶው፣ እስከሚቀጥለው ዝናብ የሚሰነብቱት በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ፣ የሰሜኑ ዓለም ሕዝብ «ክረምት» ብሎ ከእሳት ዳር የሚውልበት ወራት፣ ለጎጃም ዓሣ አጥማጅ የዓመቱ ምርጥ ወቅት ነው።

በ1963 ዓ.ም. በጋ ከእነዚህ ጅረቶች በአንዱ ዳር መንጠቆ ይዞ የሚቀመጥ አንድ ገበሬ ነበር። ዕድሜው ሠላሳን የተሻገረ፣ ጥማድ በሬ ያለው፣ በእርሻው የማይታማ ሰው ነው። ከጎረቤቶቹ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሌላው ጠላ ቤት ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ሲውል፣ እሱ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ዘንጉ ቀርከሃ ነው። ክሩ ከቡሬ ገበያ የተገዛ ናይለን ነው። እርሳስ ባይገኝ ትንሽ ጠጠር ያስርበታል። ማባበያው ከእርጥብ ፍግ ሥር የተቆፈረ ትል ነው፤ ትል ሲታጣ ፌንጣ፣ ፌንጣም ሲታጣ ሊጥ ይሆናል። ጥላው በውሃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ይቀመጣል። ሲናገር በሹክሹክታ ነው። ክሩ ሁለት ጊዜ ነዘር ነዘር ሲል ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ይስባል። ከስንዝር ያነሰ ዓሣ ከወጣ መንጠቆውን ቀስ ብሎ ይፈታና፣ «ገና ነው» ብሎ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ይዞ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጎረቤቱና የጽዋ ማኅበር ጓደኛው የሆነው ሰው በዚህ አጥብቆ ይቀልድበት ነበር። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እያለ ማኅበርተኛውን ያስቅበታል። ቀልዱ ክፋት አልነበረበትም፤ ሁለቱ በደቦም ሆነ በኀዘን የማይለያዩ ሰዎች ነበሩ።

የትሉን ጣሳ የሚሸከምለት የእኅቱ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመት እረኛ ነበር። ይህ ልጅ ዛሬ በጡረታ ላይ የሚገኝ መምህር ነው። የአጎቱን ብልሃት በዐይኑ ተምሯል፤ ትዕግሥቱን ግን ገና አልተማረም። በዚያው በጋ፣ ዐቢይ ጾም ሲቃረብ፣ እሱና አንድ እኩያው የሸራ ጫማ ተመኙ። በመንጠቆ የሚገኘው ዓሣ ጫማ አይገዛም። ተለቅ ተለቅ ያሉት እረኞች የሚያወሩትን ሌላውን ብልሃት አስታወሱ።

ብርብራ ለጎጃም ሰው እንግዳ ዛፍ አይደለም። ለቡና ጥላ ይሆናል፤ ቅጠሉና ሥሩ አፈር ያለማል፤ ሐምራዊ አበባው ያምራል። በበጋ ፀሐይ ደርቆ የሚሰነጠቀው ዘለላው ውስጥ የሚገኘው ፍሬ ግን ለዓሣ ሞት ነው። ሳይንስ በዚህ ፍሬ ውስጥ ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር መኖሩን አረጋግጧል። ንጥረ ነገሩ በስንጥቡ በኩል ከዓሣው ደም ይገባና፣ አካሉ አየሩን ወደ ኃይል እንዳይለውጥ ያግዳል። ስለዚህ ዓሣው በውሃ መካከል፣ አየር በሞላበት፣ ታፍኖ ይሞታል። ከዚህም የተነሣ መርዙ ትልቅና ትንሽ አይለይም። መንጠቆ አንዱን ጠርቶ አንዱን ይይዛል፤ ብርብራ ግን ኩሬውን በሙሉ ይጠራል።

ሁለቱ ልጆች ፍሬውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወቅጠው፣ በቀዳዳ ጆንያ ቋጥረው፣ ከአጎትየው መቀመጫ በላይ ካለው ውሃ ውስጥ አጠቡት። ውሃው አረፋ ደፈቀ። ጥቂት ቆይቶ ነጭ ዓሣው አፉን እየከፈተ ወደ ላይ መጣ፤ ከዚያም ተገለበጠ። ልጆቹ መሸከም የቻሉትን ያህል ለቅመው ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ ገሠገሡ። የቀረው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ ጤፍ ቅንጣት የረቀቀው ጫጩት ዓሣ፣ ነጭ ሆዱን ሰጥቶ ከዳሩ ተከማቸ። የሸራ ጫማው ተገዛ፤ ለአንድ ሰው ብቻ በቃ፤ ሁለቱ በፈረቃ አደረጉት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አጎትየው ወደ ኩሬው ሲወርድ ሽታው ተቀበለው። ከዳሩ ተቀምጦ አንድ ጭብጥ ጫጩት አነሣና በመዳፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያም የእኅቱን ልጅ ጠራ።

«ማን እንዳደረገው አላየህም?»

«አላየሁም፣ አጎቴ።»

«ከብት ስትጠብቅ እዚህ አልነበርክም?»

«ከወዲያ ማዶ ነበርኩ።»

ሰውዬው ክሩን በዘንጉ ላይ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዚያው ወር የጽዋው ተራ ሲደርስ፣ ያ ጎረቤቱ እንደ ልማዱ «ዘንዶው ወጣ ወይ?» ብሎ ቀለደ። አጎትየው ጽዋውን ከእጁ አስቀመጠ። «ኩሬዬን የገደልከው አንተ ነህ» አለው። ሰውዬው ማለ፣ ተገዘተ፤ አልታመነም። ሽማግሌ ገባ፤ አልሆነም። ማኅበሩ ሁለት ሆነ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ የእግር መንገድ እየተላለፉ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው እየጠበቀ፣ ዓመታትን ቈጠሩ። ልጁም ዝም አለ። በመጀመሪያ ዱላ ፈርቶ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ነገሩ ስለ ገዘፈበት።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኩሬው ለዘለዓለም አልሞተም። ሮቴኖን በፀሐይና በሙቀት ይፈርሳል፤ የክረምቱም ጎርፍ አጥቦ ይወስደዋል። ነጭ ዓሣ ዝናብ ሲጥል ሽቅብ የመጓዝ ጠባይ ስላለው፣ ከታች ካልተመረዘው ውሃ እየወጣ ባዶውን ስፍራ ሞላው። ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ውሃው እንደ ገና ነዘር ነዘር የሚል ሆነ። ሁለቱ ጎረቤቶች ግን እንደ ተለያዩ ቀሩ።

ልጁ አድጎ የመምህርነት ሥልጠና ወሰደ፤ ለብዙ ዓመታትም የሥነ ፍጥረት ትምህርት አስተማረ። እኩያው ደግሞ የስደትን መንገድ ተከትሎ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ደረሰ። በዚያም በአረጀበት ዘመን አንድ የልጅነት ነገር አገረሸበት፤ ይኸውም ዓሣ ማጥመድ ነው። በ2011 ዓ.ም. በጋ በስልክ የላከው ፎቶግራፍ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ በጀልባ ላይ ቆሞ፣ ብርማ ዓሣ ይዞ ያሳያል። ዓሣው ሳልሞን ነው። ከከተማይቱ ፊት ለፊት በተዘረጋው ፒዩጄት ሳውንድ በተባለው የጨው ውሃ፣ ወደ ውቅያኖሱ ሳይርቅ የሚሰነብት የሳልሞን ወገን አለ፤ ድዱ ስለሚጠቁር አጥማጆቹ «ጥቁር አፍ» ይሉታል። በብርድ ወራት የሚፈለገው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ በጥልቁ ወለል ላይ የሚተኛ ሃሊበት የተባለ ጠፍጣፋ ዓሣ አለ፤ ሲወለድ ዐይኖቹ በግራና በቀኝ ናቸው፤ ሲያድግ ግን አንደኛው ዐይን ጭንቅላቱን ተሻግሮ ከሌላው ጎን ይቀመጣል።

ሰውዬው ከዓሣው ይልቅ የገረመው ሥርዓቱ ነበር። ያለ ፈቃድ ወረቀት መንጠቆ መጣል አይቻልም። የተያዘው ሳልሞንና ሃሊበት፣ ቀኑና ስፍራው፣ በካርድ ላይ ይጻፋል። ከመጠን ያነሰው ወደ ውሃው ይመለሳል። ይህን ለመምህሩ ሲነግረው ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ አንድ ትንሽ ለቅቄ ‹ገና ነው› አልኩ፤ በአማርኛ። አጎትህ ትዝ አሉኝ። እዚህ የያዝኩትን ሁሉ ያጽፉኛል፤ ያንን የኩሬውን ግን የትም አልጻፍነውም» አለው። መምህሩ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

ሥርዓቱ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያሉት ሁለት መንግሥታት፣ አሜሪካና ካናዳ፣ ሃሊበቱ እየተመናመነ ሲሄድባቸው በየካቲት 1915 ዓ.ም. ውል ተዋዋሉ፤ በውሉም በየዓመቱ ለሦስት የብርድ ወራት የሃሊበት ሥገራ እንዲዘጋ ወሰኑ። ሃሊበት እንቁላሉን የሚጥለው በእነዚያ ወራት ነውና። በእኛም ሀገር ከዚህ የሚቀራረብ ትምህርት አለ። ከሰከላ ምንጭ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ሲገባ፣ የጣና ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ወደ እሱና ወደ ሌሎቹ ገባሮች እየወጡ በጠጠራማ ስፍራ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ልክ እንደ ሳልሞኑ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለ ለያቸው፣ በዚያው ሐይቅ ብቻ የሚገኙ ከ10 በላይ ዓይነቶች ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ባለ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ከገባ በኋላ፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ከምክንያቶቹም አንዱ በእንቁላል መጣያቸው ወራት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋቱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ኩሬ ዳር ዘብ ማቆም አይቻልም።

በ2012 ዓ.ም. ጥር መምህሩ ጡረታውን አስከብሮ ወደ አጎቱ መንደር ወረደ። አጎትየው ሰማንያ ሊሞላው ተቃርቦ፣ ከደጃፉ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ቡና ተጠጣ፤ የዘመድ ደኅንነት ተጠየቀ። ከዚያም መምህሩ ከዱካው ተነሥቶ ቆመ።

«አጎቴ፣ አንቱን የዋሸሁበት አንድ ነገር አለ። ያን ጊዜ ኩሬውን ብርብራ ያደረግንበት እኛ ነበርን። እኔና ጓደኛዬ።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በእጁ የያዘውን ስኒ ከረከቦቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያም፣

«ልጄ፣ ይህን መንገር የነበረብህ ለእሱ ነው» አለ።

ያ ጎረቤት ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር።

ሽማግሌው ጋቢውን አስተካክሎ በትሩን ጠየቀ። የአርባ ዘጠኝ ዓመቱ መንገድ ከአንድ የጤፍ ማሳ የበለጠ ርቀት አልነበረውም። የሟቹ የበኵር ልጅ ከአውድማ ሲመለስ አጎትየውን ከደጁ ቆሞ አገኘው።

«አባትህን ያለ በደሉ አምቼዋለሁ። እሱ የለም፤ አንተ ይቅር በለኝ።»

«ኧረ አባባ! ይግቡ እንጂ፣ ምነው በቁምዎ!» አለ ሰውዬው ደንግጦ። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሰማ በኋላም ዝም ብሎ ቆየ። ወደ ጓሮው አመለከተ፤ በዚያ አንድ ትልቅ ብርብራ ቆሟል። «አባታችን እስኪሞት ድረስ የዚህን ዛፍ ፍሬ ማንም እንዲለቅም አልፈቀደም። ‹ዳግመኛ እንዳልጠረጠር› ይል ነበር። እኛ ምክንያቱን ሳናውቅ ስንለቅመው ይገርፈን ነበር» አለ። መምህሩ አንገቱን ደፋ። ጠላ ተቀዳ፤ ሽማግሌው በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ። ይቅርታው በቃል ተነገረ፤ ሟቹ ግን አልሰማውም።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌው ወደ ኩሬው እንዲያደርሱት ጠየቀ። መምህሩ በአንድ ወገን፣ የሟቹ የልጅ ልጅ በሌላው ወገን ደገፉት። ዘንጉን የያዘው ልጁ ነበር። ትሉን እንዴት እንደሚሰካ፣ ጥላው በውሃው ላይ እንዳያርፍ በየት በኩል እንደሚቀመጥ ሽማግሌው በሹክሹክታ ነገረው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ክሩ ነዘር አለ፤ ደገመ፤ በሦስተኛው ልጁ ሳበ። የወጣው ነጭ ዓሣ ስንዝር አይሞላም። ልጁ ደስ ብሎት ወደ ሽማግሌው ፊት ተመለከተ። ሽማግሌው ግን ወደ መምህሩ ዞረ፤ የሚናገረው እሱ እንዲሆን ፈልጎ።

«ገና ነው» አለ መምህሩ።

ልጁ መንጠቆውን ፈትቶ ዓሣውን ወደ ውሃው መለሰው።