የስዊድን ፊደል በጋሃና እድር

እዚህ ኦሃዮ፣ ጋሃና ከተማ፣ የእድራችን ድረ ገጽ ላይ ያለው የአባላት ዝርዝር ሰሞኑን ሲከፈት ስልክ ቁጥሩ ደህና፣ የወር መዋጮው ደህና፣ ስሙ ግን ከላይ እስከ ታች «??? ????» ሆኖ አረፈው። ጸሐፊያችን «የእናንተ ስልክ ስለሆነ ነው» ብለው ፈረዱ። እኔ ደግሞ ነገሩ ከስዊድን ጋር ዝምድና እንዳለው አንድ ቦታ ያነበብኩ መሰለኝና ሳላጣራ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የጸሐፊያችን ክስ ውድቅ ነው። የግዕዝ ፎንት የሌለው ስልክ የሚያሳየው ባዶ ሳጥን ነው፤ ፎንቱ ሲጫን ፊደሉ ይመለሳል። ሌላው በሽታ ዝብርቅርቁ ነው። ፊደላችን በፈረንጅ 1999 በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ 3.0 ሲመዘገብ፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፉ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ደረሰው። ገጹ በምን እንደተጻፈ ካልተነገረው ብሮውዘሩ ሦስቱን ባይት ሦስት የላቲን ምልክት ያደርጋቸዋል። የአማርኛ ፊደል ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ባይት ነውና ገጹ ጭረት በደፋች «ኤ» ይወረራል፤ የ«ሰ» ሦስተኛ ቁራጭማ የሙቀት ዲግሪ ምልክት ሆና ትወጣለች። መድኃኒቱ ከኮዱ አናት፣ በመጀመሪያዎቹ 1,024 ባይት ውስጥ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው።

የማይድነው የጥያቄ ምልክቱ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት በ1995 የወጣው ከስዊድን ነው። ሠሪዎቹ የፊደል ቅንብሩን የግዕዝ ፊደል የሌለበት ላቲን-1፣ የስም አደራደሩን የስዊድን አደረጉት፤ በ2018 ስሪት 8.0 እስኪወጣ ድረስ ማንም ያልነካው ቋት ስም የሚደረድረው በስቶክሆልም ሥርዓት ነበር። ለራሳቸው ሦስት ፊደላት ከ«ዜድ» በኋላ ወንበር አዘጋጅተዋል። የኛ ፊደል ሲመጣ ግን አሮጌው ቋት ጥያቄ ምልክት ይተካና ዋናውን ይጥለዋል። ከዚያ ወዲያ የትኛውም ባለሙያ ቢመጣ የሚያነሣው ነገር የለም።

ቂም ያዝኩ። ባለቤቴ ግን ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘንን አነሳችብኝ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረልን፣ ከነጻነት በኋላም አየር ኃይላችንን ያደራጀ ስዊድናዊ ነው። ውለታው አይካድም። ግን የአየር ኃይል ውለታ የእድር መዝገብ ይመልሳል?

ደግነቱ ጎረቤታችን ኮሎምበስም የራሷ ድርሻ አላት። ጂፍ የተባለውን የምስል ዓይነት በ1987 ያወጣው እዚህ የነበረው ኮምፒዩሰርቭ ነው፤ የጥንቶቹ የአማርኛ ገጾችም ጽሑፉን ምስል አድርገው ይለጥፉ ነበር። ምስል ጥያቄ ምልክት አይሆንም። ስም ልፈልግበት ላለ ግን ዱዳ ነው።

ቋቱ አሁን ወደ ዩቲኤፍ-8 ዞሯል፤ ስሞቹም ከወረቀት መዝገቡ እንደገና እየተተየቡ ነው። ጸሐፊያችን «ኃይሉ» ብለው ይጽፋሉ፣ ገንዘብ ያዡ «ሀይሉ» ብለው ይፈልጋሉ፤ ማሽኑ ሁለቱን ፊደላት ስለማያዛምዳቸው «የለም» ይላል። ገንዘብ ያዡም አዲስ አባል መስሏቸው ይመዘግቡታል፤ በወሩ መጨረሻ ሁለት መዋጮ የሚጠየቀው ኃይሉ ነው።