የሰው እንባ ያለበት ቤት

እኔና ባለቤቴ እስራኤል ውስጥ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ቤት እየፈለግን ነው። በ2023 ቀዩ መስመር የሚባለው የከተማ ባቡር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሻጩ ሁሉ ከክፍሎቹ ብዛት በፊት የሚጠራልን የጣቢያውን ቅርበት ነው።

አሁን ዓይናችን ያረፈው ባለቤቱ ማሽካንታውን (የቤት ብድሩን) መክፈል አቅቶት በኮኔስ ንካሲም (ለዕዳ የተያዘ ንብረት እንዲሸጥ በተሾመ ሰው) በኩል በጨረታ የሚሸጥ አፓርታማ ላይ ነው። ዋጋው ደህና ነው፤ ቤቱን ግን ከነጉድለቱ ነው የምንረከበው። ጨረታውን ብናሸንፍ እንኳ ፍርድ ቤት ወይም ሆጻአ ላፖዓል (የፍርድ ማስፈጸሚያ ቢሮ) ካላጸደቀው የእኛ አይሆንም። ጠበቃችንም «ታቡው (የንብረት ምዝገባው) ሳይጣራ እንዳትፈርሙ» ብሎናል።

ባለቤቴ «የሰው እንባ ያለበት ቤት እንዴት እገባለሁ?» ትላለች። እኔ ደግሞ «እኛ ብንተወው ሌላው ይገዛዋል፤ ቢያንስ የሰውየው ዕዳ ይቀልለታል» እላታለሁ። ዝም ያሰኘኝ ቀጥላ ያለችው ነው፦ «እሱም እኮ ሲፈርም እንደኛ ደስ ብሎት ነበር።»

የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው ከባንክ የቤቱን ዋጋ እስከ 75 በመቶ መበደር ይችላል። ባንኩ ይህን ያህል ፈቀደ ማለት ግን እኛ እንችለዋለን ማለት አይደለም። ስለዚህ ከወርሃዊ ክፍያው ተነስተን የዋጋ ጣሪያ ቆርጠናል፤ ጨረታው ቢግልም ከዚያ አናልፍም።

በዚህ መንገድ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ልባችሁ እንዴት ተቀበለው?